በሥዕል ማስታወሻ ስለ መያዝና ማስታወሻውን በየጊዜው ስለ ማሻሻል

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተጻፈ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ተማሪ የሚማረው በጆሮውና በአፉ ነው። መምህሩ ይናገራል፤ ደቀ መዝሙሩ ይቀበላል፤ ሌሊት ይደግመዋል፤ በማግሥቱም ለመምህሩ ያሰማል። ይህ ሥርዓት ብዙ ሊቃውንትን ያፈራ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በመንደር ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ልዩ ልዩ ነው፤ ልጁ ስለ ውሃ፥ ስለ አፈር፥ ስለ በሽታ፥ ስለ ቍጥርና ስለ አገር አቀማመጥ በአንድ ቀን ይማራል። ይህን ሁሉ በቃል ለመያዝ ጊዜው አይበቃውም። ስለዚህ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ቃል በቃል እየገለበጠ ደብተሩን ይሞላል፤ ደብተሩ ሲሞላ ግን ልቡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ቢጠይቁት የጻፈውን ማንበብ ይችላል፤ የተማረውን ማስረዳት ግን አይችልም።

ለዚህ ችግር አንዱ መድኀኒት በሥዕል ማስታወሻ መያዝ ነው። ይህም ችሎታ እንደ ሌላው ሙያ ሁሉ በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ እየሠሩ፥ እየመረመሩና እያረሙ የሚያገኙት ነው። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ የሥዕል ማስታወሻ ምን እንደ ሆነ፥ ሁለተኛም በየጊዜው የሚሻሻልበትን ዘዴ እንገልጣለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

1ኛ፤ የሥዕል ማስታወሻ ምንድር ነው?

በሥዕል ማስታወሻ መያዝ ማለት የሰማነውን ወይም ያየነውን ነገር በጥቂት ቃልና በጥቂት መስመር አስማምቶ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ማለት ነው። ይህ ከሠዓሊ ሥራ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሠዓሊ የሚሥለው ሌላ ሰው አይቶ እንዲደሰትበት ነው፤ ማስታወሻ ያዥ ግን የሚሥለው እርሱ ራሱ ኋላ አይቶ ነገሩን እንዲያስታውስ ነው። ስለዚህ በሬን ለማመልከት ሁለት ቀንድና አራት እግር ይበቃል፤ ቤትን ለማመልከት ክብና ክዳን ይበቃል፤ ሰውን ለማመልከት አንድ ክብና አምስት መስመር ይበቃል። «እኔ ሥዕል አላውቅም» የሚል ሰው ቢኖር፥ ፊደል መጻፍ ከቻለ ይህንንም ይችላል፤ ፊደልም ራሱ መስመርና ክብ ነውና።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተራመደ ሰው ሁሉ የዜማን ምልክት ያውቃል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት የሚባሉት ስምንቱ ምልክቶች ከፊደሉ ጋር በትንሹ ተጽፈው ይታያሉ። እነዚህንም በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁአቸው ይነገራል። ምልክቱ ዜማውን ሙሉ በሙሉ አይጽፈውም፤ ነገር ግን ዜማውን ከመምህሩ አፍ የተቀበለ ሰው ምልክቱን ባየ ጊዜ ድምፁን ያስታውሳል። የሥዕል ማስታወሻም እንደዚሁ ነው፤ ትምህርቱን አይተካም፤ የተማረውን ሰው ግን ያስታውሰዋል።

በአውሮጳም ዮሐንስ አሞስ ኮሜንዮስ የሚባል መምህር በ1658 ዓ.ም. በኑርንበርግ ከተማ ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ በሥዕሉ ውስጥ ባሉት ነገሮች ላይ ቍጥር ተጽፏል፤ ከሥዕሉ በታች ባለው ንባብም ያው ቍጥር ከነገሩ ስም ጋር ይገኛል። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ስሙን፥ ስሙንም አንብቦ ሥዕሉን ያገኛል። ይህ ዘዴ ቀላል ስለ ሆነ ዛሬም ለመንደር ትምህርት ቤት ይጠቅማል።

አንድ የማስታወሻ ገጽ እነዚህ 6 ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። በራስጌው የትምህርቱ ስምና ቀኑ፤ በመካከሉ ዋናው ሥዕል፤ በሥዕሉ ላይ ቍጥሮች፤ የነገሩን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ቀስት፤ በእያንዳንዱ ቍጥር አንጻር ከሦስት ወይም ከአራት የማይበልጥ ቃል፤ በመጨረሻም በአንድ ወገን ባዶ ኅዳግ። ይህ ባዶ ኅዳግ ኋላ ለምርመራና ለእርማት የሚያገለግል ስለ ሆነ ወረቀት ለመቆጠብ ተብሎ መሞላት የለበትም።

2ኛ፤ ሥዕል ነገርን የሚያስታውስበት ምክንያት

ካናዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አለን ፓይቪዮ በ1971 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የሰው አእምሮ ነገርን በሁለት መንገድ እንደሚይዝ አስረዳ፤ አንዱ በቃል፥ ሁለተኛው በምስል ነው። በሁለቱም መንገድ የገባ ነገር አንዱ መንገድ ቢጠፋ በሌላው ይገኛል። ይህም አንዱን ዕቃ በሁለት ገመድ እንደ ማሰር ነው።

ደግሞም በካናዳ አገር በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ፈተና ገልጠዋል። ለሰዎች ቃል እየሰጡ ግማሹን ቃል በሥዕል እንዲያሳዩ፥ ግማሹን ደጋግመው እንዲጽፉ አደረጉ፤ ለእያንዳንዱም ቃል 40 ሴኮንድ ሰጡ። ኋላ ሲጠይቋቸው ከጻፉት ይልቅ የሣሉትን አብዝተው አስታወሱ። ጊዜውን ወደ 4 ሴኮንድ ባሳጠሩትም ጊዜ ሥዕሉ በለጠ። የሥዕሉም ማማርና አለማማር ዋና ነገር ሆኖ አልተገኘም።

ምክንያቱን ማስተዋል አያስቸግርም። ቃልን የሚገለብጥ ሰው ሳያስብ እጁን ብቻ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የሚሥል ሰው ግን አስቀድሞ «ይህ ነገር መልኩ እንዴት ነው? ከምን ቀጥሎ ይመጣል? ከምን ጋር ይገናኛል?» ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ መስመር መጀመር አይችልም። እንግዲህ የሚያስተምረው ወረቀቱ ላይ የቀረው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ለመሣል ሲባል የተደረገውም ማሰብ ነው።

3ኛ፤ ስለ ማሻሻል ዙር

በአሜሪካ አገር በቴሌፎን ሥራ ምርምር የነበረው ዋልተር ሼዋርት በ1939 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሥራ መሻሻል እንደ ቀጥተኛ መስመር ተጀምሮ የሚያልቅ ሳይሆን እንደ ክብ የሚዞር መሆኑን ጻፈ። ኤድዋርድስ ዴሚንግም በ1950 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄዶ ይህን ትምህርት ለመሐንዲሶችና ለድርጅት አለቆች አስተማረ። ጃፓኖችም ከራሳቸው ልማድ ጋር አዋሕደው በፋብሪካዎቻቸው አስፋፉት፤ ጥቂት በጥቂት ማሻሻልንም ካይዘን ብለው ጠሩት። በኢትዮጵያም ይህን ትምህርት የሚያስፋፋ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ለፋብሪካ የጠቀመ ዘዴ ለደብተርም የማይጠቅምበት ምክንያት የለም።

ዙሩ አራት ማረፊያ አለው፤ ማሰብ፥ መሥራት፥ መመርመር፥ ማረም።

ማሰብ። ትምህርቱ ሳይጀመር መምህሩ ተማሪው ሊይዘው የሚገባውን ነገር ከ5 ባልበለጠ ቍጥር ለይቶ ይጻፍ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ያለ ሐሳብ የተጀመረ ማስታወሻ መካከሉ ላይ ይበላሻል። ተማሪውም በዚህ ሳምንት የሚያሻሽለውን አንድ ነገር ይምረጥ፤ ለምሳሌ ቀስትን በትክክል ማድረግ ወይም ቃልን ማሳጠር።

መሥራት። መምህሩ ሲናገር ተማሪው እርሳሱን አስቀምጦ ያድምጥ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ መምህሩ 5 ደቂቃ ያህል ዝም ይበል፤ ተማሪውም በዚያ ጊዜ ይሣል። እየሰሙ መሣል ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ሰምቶ መሣል ግን ይቀላል። ወረቀት የጐደለበት ስፍራ ቢሆን በመጀመሪያ በመሬት ላይ በእንጨት፥ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ተለማምዶ የተስማማውን ብቻ በደብተር ማስፈር ይቻላል።

መመርመር። ምርመራው ሦስት ነው። የመጀመሪያው የእውነት ምርመራ ነው፤ ሥዕሉ ከመጽሐፉና ከመምህሩ ቃል ጋር ይስማማልን? ሁለተኛው የማስታወስ ምርመራ ነው፤ በማግሥቱና ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ከ5ቱ ነገሮች ስንቱን ይናገራል? ሦስተኛው የእንግዳ ምርመራ ነው፤ በዚያ ቀን ያልነበረ ጓደኛ ገጹን ብቻ አይቶ ትምህርቱን ማስረዳት ይችላልን? የተገኘው ቍጥር «ከ5 ሦስት» እየተባለ ከነቀኑ በባዶው ኅዳግ ይጻፍ። ቍጥሩ ለመሸለምና ለመቅጣት አይደለም፤ ተማሪው የዛሬውን ከትናንቱ ጋር እንዲያስተያይ ነው።

ማረም። የጐደለው ከታወቀ በኋላ በሚቀጥለው ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደ ጠቀመና የትኛው እንደ ጐዳ አይለይም። አሮጌው ገጽም አይቀደድ፥ አይደምሰስ፤ ካለፈው ጋር ካልተያየ መሻሻል አይታወቅምና። ከዚህ በኋላ ዙሩ እንደገና ከማሰብ ይጀምራል።

የዚህ ዘዴ ኀይል በጋሊልዮ ሥራ ይታያል። ጋሊልዮ በ1612 ዓ.ም. በፀሐይ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነጠብጣቦች ይሥል ነበር። ደቀ መዝሙሩ ቤኔዴቶ ካስቴሊ የፀሐይን ምስል በመነጽር አሳልፎ በወረቀት ላይ ማሳረፍን ካሳየው በኋላ ሥዕሉ ከፊተኛው ይልቅ ትክክለኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሰኔና በሐምሌ ወር በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓትና በአንድ ዐይነት አሣሣል ሣለ። አንዱ ሥዕል ለብቻው ብዙ ነገር አይናገርም ነበር፤ ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲታዩ ግን ነጠብጣቦቹ በአንድ ወገን እንደሚጓዙ፥ ፀሐይም በራስዋ ዙሪያ በአንድ ወር ያህል እንደምትዞር አስረዱ። ሥዕሎቹም በ1613 ዓ.ም. በሮም ታተሙ። ከዚህ የምንማረው አሣሣልን ማሻሻል፥ ከተሻሻለም በኋላ በአንድ ሥርዓት መጽናት እንደሚገባ ነው።

4ኛ፤ ምሳሌ፤ ስለ ወባ ትምህርት

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ ስለ ወባ የሚሰጠውን ትምህርት እንውሰድ። ይህንም የመረጥነው ሳያስተውሉ መማር የሚያስከትለው ጉዳት በዚህ ትምህርት ጐልቶ ስለሚታይ ነው። በ1958 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ግን ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር በ1897 ዓ.ም. የበሽታውን ነፍሳት በትንኝ ሆድ ውስጥ ካየ በኋላ የተረዳ ነገር ነበር።

መምህሩ አስቀድሞ 5 ነገር ይወስናል። አንደኛ፥ ወባን የምታስተላልፈው ሴቲቱ ትንኝ ናት፤ ወንዱ ደም አይመጥም። ሁለተኛ፥ የወባ ትንኝ በግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው ዝቅ፥ ጅራቷን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ሰያፍ ትቆማለች፤ ሌላው ትንኝ ግን አካሉ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ያርፋል። ሦስተኛ፥ አራት ዕድሜ አላት፤ እንቁላል፥ እጭ፥ ከዚያም መብላት ትታ የምትለወጥበት ዕድሜ፥ በመጨረሻም በራሪ ትንኝ፤ ይህም ሁሉ በሞቃት አገር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያህል ይፈጸማል። አራተኛ፥ ፊተኞቹ ሦስት ዕድሜዎች የሚያልፉት በቆመ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ ያጐደጐደው ስፍራ፥ አፈር የተቈፈረበት ጕድጓድና የዝናብ ኵሬ ለዚህ ይመቻል። አምስተኛ፥ ይልቁንም ከምሽት ጀምሮ ሌሊት ትነክሳለች፤ ስለዚህ በአጎበር ውስጥ መተኛትና የቆመን ውሃ ማፋሰስ ይጠቅማል።

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ገጽ አንዲት ትልቅ ትንኝ ክንፏንና እግሯን አሳምሮ ሣለ እንበል። በማግሥቱ ደብተሩን ዘግቶ ሲጠየቅ ከ5 ሁለት ብቻ ይናገራል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሥዕሉ ትንኟን ያሳያል፤ ታሪኳን ግን አያሳይም። በሁለተኛው ዙር አንድ ነገር ይለውጣል፤ አንዷን ትልቅ ትንኝ ትቶ አራቱን ዕድሜዎች በክብ ዙሪያ ይሥልና በቀስት ያያይዛቸዋል፤ ከሦስቱም በታች የውሃ መስመር ያደርጋል። አሁን ከ5 አራት ይናገራል፤ የምትነክስበት ጊዜ ግን ይረሳዋል። በሦስተኛው ዙር ጨረቃና አጎበር ይጨምራል፤ አምስቱም ይሟላሉ።

ከዚህ በኋላ የእንግዳ ምርመራ ይደረጋል። ያልነበረው ጓደኛ ገጹን አይቶ ከእጭ ወደ ቀጣዩ ዕድሜ የሚሄደውን ቀስት «ትንኟ ከኵሬ ወደ ኵሬ ትበራለች» ብሎ ይተረጕመዋል። እንግዲህ ስሕተቱ የአንባቢው ሳይሆን የምልክቱ ነው፤ አንዱ ቀስት ሁለት ነገር ያመለክታልና። ስለዚህ በአራተኛው ዙር ተማሪው «ተለወጠ» ለማለት ወፍራም ቀስት፥ «ሄደ» ለማለት በነጠብጣብ የተሠራ ቀስት እንዲያደርግ ይወስናል። መምህሩም ይህን ውሳኔ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ሕግ አድርጎ፥ ሌሎችም ምልክቶች በተወሰኑ ቍጥር በአንድ ወረቀት እየጻፈ በግድግዳ ላይ ይለጥፋል። እንዲህ እየሆነ ትምህርት ቤቱ የራሱ የምልክት መዝገብ ይኖረዋል፤ አዲስ የገባ ተማሪም ከፊደል ጋር ይህን ይማራል።

5ኛ፤ መጠንቀቅ ስለሚገባው ነገር

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ስለ እውነት ነው። ሥዕል እውነትን አጽንቶ እንደሚያስይዝ ሁሉ ስሕተትንም አጽንቶ ያስይዛል። ልጁ የሁለቱን ትንኞች አስተራረፍ አዛውሮ ቢሥል፥ ያስታውሰዋል፤ ነገር ግን የሚያስታውሰው ስሕተቱን ነው። በቤቱም ግድግዳ ላይ የወባዋን ትንኝ አይቶ «ይህች አትጐዳም» ይላል። ስለዚህ የእውነት ምርመራ ከማስታወስ ምርመራ መቅደም አለበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ጌጥ ነው። እጁ የቀና ልጅ ሥዕሉን ሲያሳምር ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ እጁ ያልቀናውም በእርሱ እየቀና ተስፋ ይቈርጣል። መምህሩ ያማረውን ሳይሆን የሚያስረዳውን ገጽ ቢያመሰግን ሁለቱም ይታረማሉ።

ሦስተኛው ጥንቃቄ፥ ሁሉ ነገር በሥዕል አይያዝም። የሰው ስም፥ የዘመን ቍጥር፥ የሕግ ቃልና ቃል በቃል ሊጠበቅ የሚገባው ጽሑፍ ሁሉ በፊደል ይጻፍ፤ አስፈላጊም ከሆነ በቃል ይጠና። ሥዕል የፊደል ረዳት ነው እንጂ ወራሽ አይደለም። ዐይኑ የማያይ ልጅም በክፍሉ ቢኖር ያው ቅርጽ በጭቃ ተሠርቶ ወይም በገመድ ተለጥፎ በእጁ እንዲዳስሰው ማድረግ ይገባል፤ ከጓደኞቹም ጋር በቃል ምርመራው ይተባበር።

6ኛ፤ ለሽማግሎች

ይህ ዘዴ በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በመንደር የመስኖ ውሃ ተራ ሲደለደል፥ መንገድ ሲጠረግ ወይም ምንጭ ሲከለል ሽማግሎች ብዙ ይመክራሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን አንዱ «ተራው የእኔ ነበር» ሌላውም «አይደለም» ይላል፤ ጠብም ይነሣል። በዚያ ቀን ወንዙን፥ ቦዩንና ማሳዎቹን የሚያሳይ ቀላል ሥዕል ተሠርቶ፥ የእያንዳንዱም ተራ በቍጥር ተጽፎበት፥ ቀኑና የተሰበሰቡት ሰዎች ስም ቢታከልበት፥ ነገሩ በማስታወስ ኀይል ላይ ብቻ አይንጠለጠልም ነበር።

በዚህም ሥራ ያው ዙር ያገለግላል። ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ ሁለት ሰዎች በስፍራው እየዞሩ ይመርምሩት፤ ምልክቱም በሚቈረጥ ዛፍ ወይም በሚፈርስ አጥር ሳይሆን በወንዝ፥ በቋሚ ቋጥኝና በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ይሁን። በየዓመቱም ውሃው ሳይጐድል በፊት ተሰብስበው ካለፈው ሥዕል ጋር ያስተያዩት፤ የተለወጠውን በአዲስ ገጽ ይጻፉ፤ አሮጌውንም ያኑሩ። ነገር ግን ይህ ሥዕል የስምምነት ማስታወሻ ነው እንጂ መንግሥት ስለ መሬት የሚሰጠውን ማረጋገጫ የሚተካ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ሽማግሎች ንባብ የማይችለው ጎረቤታቸው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ተራውን ሊያውቅ መቻሉን ሲያዩ የነገሩን ጥቅም ያለ ብዙ ክርክር ይረዱታል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ትምህርት፥ አንድ ገጽና አንድ ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ5 ሁለት ቢገኝ አይፈርድባችሁም፤ ሁለቱ ወደ ሦስት የሚደርሱበትን መንገድ ካልፈለጋችሁ ግን ዙሩ ይቆማል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል፤ የሚወረሰው ግን ወራሹ ሊያስተውለው የሚችለው ነው። ደግሞም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል። ልጆቻችን የጻፉትን የሚያስተውሉ፥ ያስተዋሉትንም ለቤተ ሰባቸውና ለመንደራቸው የሚያስረዱ እንዲሆኑ፥ እግዚአብሔር የመምህራኑን ድካም ይባርክ።